የትርፌ ቀኝ እግር

ቶሮንቶ ከተማ፣ በቶርንክሊፍ ፓርክ ፎቆች ውስጥ የሚኖር ሐበሻ ሁሉ የትርፌን ቀኝ እግር ያውቀው ነበር። ይህን ስል ትርፌ ጨፋሪ ነበረች ወይም ኳስ ትጫወት ነበር ማለቴ አይደለም። ኢቶቢኮ ሰፈር ካለ ልብስ ማጠቢያ ቤት የሆቴል አንሶላ ስታጥፍ የምትውል፣ አጠር ደልደል ያለች፣ ሳቂታ፣ ለሰው ሟች የሆነች ሴት ናት። እግሯን ያስጠራው ባሏ ነው።

ባሏ ሙሉነህ መካኒክ ነው። አዲስ አበባ በጦሩ ጋራዥ አሥራ አንድ ዓመት ሲሠራ፣ የፍሬን ነገር ከተነሳ «ሙሉነህን ጥሩት» ነበር የሚባለው። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት መንገድ ላይ የቀረ የጭነት መኪና እንዲያነሳ ወደ ሰሜን ተላከና ፈንጂ ረግጦ ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች አጣ። ከትርፌ ጋር በሱዳን በኩል ቶሮንቶ ሲገቡ ሐኪሞች የገጠሙለት ሰው ሠራሽ እግር ጎበዝ እግር ነው። ደረጃ ይወጣል፣ በረዶ ላይ ይቆማል፣ ያልተነገረው ሰው አይቶ አይለየውም። አንድ ነገር ግን አይችልም። የፍሬን ፔዳል ሲረገጥ መጠንከር መለስለሱን አይሰማም። ሙሉነህ በግራው ሞክሮ ነበር፤ «በግራ እጅ እንደ መጻፍ ሆነብኝ» ብሎ ተወው።

ፍሬን ደግሞ ነገሩ ሁሉ ስሜት ነው። ከፔዳሉ እስከ ጎማዎቹ በቀጭን ቱቦ የሚሄድ ዘይት አለ። ዘይቱ መሃል አየር ከገባ፣ እግር አየሩን ሲጨምቅ ይውላል እንጂ ጎማውን አይይዝም። ስለዚህ ፍሬን ተፈትቶ በተሠራ ቁጥር አየሩ መውጣት አለበት፤ ለዚህም ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ መሪው ጋ ተቀምጦ ይረግጣል። ሌላው ጎማው ሥር ተጋድሞ አንዲት ትንሽ ቡሎን ይፈታል፤ ዘይቱ አየሩን ይዞ ይወጣል፤ ቡሎኗ መልሳ ትጠብቃለች፤ እግር የሚነሳው ከዚያ በኋላ ብቻ ነው። ቡሎኗ ተፈትታ ሳለ እግር ከተነሳ፣ በወጣው ዘይት ቦታ አየር ተስቦ ይገባል። ከዚህ የበለጠ ምስጢር የለውም።

ሙሉነህ የካናዳን የመካኒክ ፈተና ሁለት ጊዜ ተፈትኖ ሁለት ጊዜ በእንግሊዝኛው ወድቋል። ስለዚህ ጋራዡ ከሕንፃው ሥር ያለው ፓርኪንግ ነበር። ሱፐር የሚሉት የሕንፃው ኃላፊ የገዛ ቫኑን ስላሠራ አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ባልና ሚስቱ ተያይዘው ይወርዳሉ፤ ትርፌ ጫማዋን አውልቃ በካልሲ ብቻ ሾፌሩ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ሙሉነህ ከታች ሆኖ ይጣራል።

«ርገጪ!»

«ረገጥኩ!»

«ያዢ!»

«ይዣለሁ!»

«ልቀቂ!»

ባልና ሚስቱ ሳይጣሉ የሚነጋገሩት ይህችን ብቻ ነው እየተባለ በሕንፃው ይቀለድባቸው ነበር። ሰው ይቀልድ እንጂ ትርፌ ሳምንቱን ሙሉ የምትጠብቀው ያቺን ቅዳሜ ነው። አንሶላ ቤቱ ውስጥ ስሟን እንኳ አስተካክሎ የሚጠራት የለም። እዚህ ግን አራቱም ጎማ ሲያልቅ፣ ያ የጦሩ ጋራዥ ባለሙያ ከሲሚንቶው ላይ እንደተጋደመ «ትርፌ፣ ጠንካራ ነው?» ብሎ ይጠይቃታል። እሷ ትረግጥና ትነግረዋለች። «ትንሽ ይለሰልሳል» ካለች ከሀ ይጀምራል። «ጠንካራ ነው» ካለች መፍቻውን ይሰበስባል። አንድ ቀን ተከራክሯት አያውቅም። ሰው ሲያመሰግነው «እኔ እጅ ብቻ ነኝ፣ እግሩ የሷ ነው» ይላል።

አንዲት ነገር ብቻ ደጋግሞ አስጠንቅቋታል። «ያዢ ካልኩሽ በኋላ፣ ሕንፃው ቢፈርስ እግርሽን እንዳታነሺ።»

ሕንፃው አልፈረሰም። የመጡት ጋሽ በየነ ናቸው።

ጋሽ በየነ ያኔ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ደሴ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ፤ ቶሮንቶም ከመጡ በኋላ ዳይሬክተርነታቸውን አልተዉም፤ ትምህርት ቤቱ ብቻ ነው ደሴ የቀረው። የተጣላ ያስታርቃሉ፣ ለቅሶ ሲሆን ከፊት ይቆማሉ፣ የሰውን የኢሚግሬሽን ፎርም መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ይሞላሉ። ትርፌና ሙሉነህ የገቡ ዕለት ኤርፖርት የተቀበሏቸው እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ ያለምወርቅ ናቸው። አራት ወር ሳሎናቸው ውስጥ አስተኟቸው። እትዬ ያለምወርቅ የገዛ ካፖርታቸውን አውልቀው ለትርፌ አልብሰው፣ ያን ክረምት ራሳቸው ሹራብ በሹራብ ላይ ደርበው ወጡት። ትርፌ እናቷን በሕፃንነቷ ስላጣች «እማዬ» የሚለውን ቃል አፏ የለመደው በሳቸው ነው።

ጋሽ በየነ በአንድ ነገር ቀልድ አያውቁም። ታላቅ ሲመጣ ታናሽ ይነሳል። ካናዳ ያደገ ልጅ ሶፋ ላይ እንደተዘረፈጠ «ሃይ» ካላቸው ሳምንቱን ሙሉ ሲከፋቸው ይሰነብታል። «እኛ እዚህ ይዘነው የመጣነው ሌላ ምን አለና?» ይላሉ። ሕንፃው ውስጥ ያለ ሐበሻ ሁሉ ልጁን «ጋሽ በየነ መጡ፣ ተነስ» እያለ ያሳድግ ነበር። ትርፌን ማንም ማስተማር አላስፈለገውም። ለሳቸው ሳትነሳ የቀረችበት ቀን የለም።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠና አራት፣ በጥቅምት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። መኪናው የራሳቸው የጋሽ በየነ ነው፤ ሰማያዊ፣ አሮጌ፣ በየወሩ አንድ ነገር የሚጎድለው። የኋላዎቹ ሁለት ጎማዎችና የፊት ቀኙ አልቀዋል። የቀረው የፊት ግራው ነበር። ሙሉነህ ጎማው በወጣበት በኩል ራሱን ወደ ውስጥ አግብቶ ተጋድሟል።

«ያዢ!»

«ይዣለሁ!»

ቡሎኗ ስትፈታ ፔዳሉ ከትርፌ እግር ሥር ቀስ ብሎ ዝቅ አለ። ልክ በዚያች ቅጽበት «እንደምን ዋላችሁ ልጆች!» የሚል ድምፅ መጣ። ትርፌ ቀና ስትል ጋሽ በየነ ከዘራቸውን ይዘው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው በተከፈተው በር ፊት ቆመዋል።

አላሰበችም። የተነሳው ሰውነቷ ነው። «ኖር!» ብላ ብድግ አለች፤ መኪናው ውስጥ ስለሆነች በጣሪያውና በመሪው መሃል ጎብጣ፣ ሁለት እግሯ ምንጣፉ ላይ ቆመ።

«በእግዜር፣ በእግዜር! ተቀመጪ ልጄ» አሉ ጋሽ በየነ ደስ ብሏቸው። ፓርኪንግ ውስጥ፣ ያውም መኪና ውስጥ ተነሳችላቸው።

ትርፌ ስትቀመጥ ነው ያስታወሰችው። ቶሎ ብላ ረገጠች። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ወረደ።

«ይዘሻል?» አለ ሙሉነህ ከታች።

«ይዣለሁ!»

«ጠብቃለች፣ ልቀቂ! ጋሽ በየነ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እጄ በዘይት ተለውሷል።»

«ሥራህን ሥራ ልጄ፣ ለኔ ብለህ እንዳትነሳ።»

«ትርፌ፣ ጠንካራ ነው?»

ትርፌ ረገጠች። ጠንካራ አልነበረም። ሊጥ ላይ የቆመች ያህል መጀመሪያ ሰመጠ፣ ከዚያ እየዘገየ ያዘ። «ይለሰልሳል» ማለት ብቻ ነው የሚፈለግባት። ከዚያ ሙሉነህ «ምነው? አሁን ደህና ነበር እኮ» ይላል። እሷም ምክንያቱን ትናገራለች። ምክንያቱ ደግሞ በሩን ይዘው ቆመው፣ ፈገግ ብለው «ያለምወርቅ ሰላም ብላሻለች፣ ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ እኛ ጋ ናችሁ» እያሏት ነው። እኚህን ሰው «መምጣትዎ ሥራ አበላሸ» ማለት እንዴት ይቻላል? ይሉኝታ አፏን ያዘው። እሳቸው ሲሄዱ ለሙሌ ነግሬው እንደገና እንሠራዋለን ብላ አሰበች።

«ጠንካራ ነው» አለች።

ጋሽ በየነ ግን የመጡት መኪናቸውን ሊወስዱ ነበር። ሙሉነህ ጎማውን መልሶ ገጥሞ፣ መኪናውን ከክሪኩ እስኪያወርድ ሩብ ሰዓት ያህል ፈጅቷል። ያ ሩብ ሰዓት በኋላ ለትርፌ ከዕድሜዋ ሁሉ የረዘመ ሆነባት። አንዴ ወደ ባሏ ጠጋ ብላ «ሙሌ» አለችው። «አቤት?» ሲላት፣ ጋሽ በየነም አብረው ዞር ብለው አዩአት። «ምንም፤ ጨርቁን ላቀብልህ ብዬ ነው» አለችው።

ሌላ ጊዜ መኪና ተሠርቶ ሲያልቅ ትርፌ ናት ፓርኪንጉን አንድ ዙር የምታዞረው። ዛሬ ጋሽ በየነ «ያለምወርቅ ሱቅ አድርሰኝ ብላ እየጠበቀችኝ ነው፣ ራሴ እሞክረዋለሁ» ብለው ገቡ። ትርፌ ከኋላ ቆማ በዓይኗ ሸኘቻቸው። መውጫው በር ጋ ሲደርሱ ቀያዮቹ መብራቶች በሩ፣ መኪናው ቆመ፣ በሩ ተከፈተ፣ ወጡ። ቆሟል እኮ፣ አለች በልቧ። ሲቆም በዓይኔ አይቻለሁ። እፎይ ብላ ጫማዋን አደረገች።

ለሙሉነህ ያን ማታም አልነገረችውም። ደስ ብሎት ነበር፤ ነገ ከምሳ በኋላ እነግረዋለሁ አለች።

እሑድ ጠዋት ጋሽ በየነና እትዬ ያለምወርቅ ነጠላቸውን ለብሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በፖተሪ ሮድ ቁልቁለት ወረዱ። ያን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠባብ ነው፣ ቀጥ ብሎ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። መሃሉ ላይ ሲደርሱ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሰመጠ። ጋሽ በየነ ደጋግመው መርገጥ እንዳለባቸው አላወቁም፤ ባለ በሌለ ጉልበታቸው አንዴ ረግጠው ያዙ። መኪናው ምሰሶ የመታው በቀኝ ጎኑ፣ እትዬ ያለምወርቅ በተቀመጡበት በኩል ነው። እሳቸው እዚያው አረፉ። ጋሽ በየነ ሁለት የጎን አጥንታቸውና የእጅ አንጓቸው ተሰበረ።

ፖሊሶች መኪናውን አስፈትሸው ፍሬኑ ውስጥ አየር ገብቷል አሉ፤ የፊት ግራው። ማን እንደሠራው ጋሽ በየነን ሆስፒታል አልጋቸው ላይ ጠየቋቸው። «እኔው ነኝ» አሉ፤ ኮፈኑ በየት በኩል እንደሚከፈት እንኳ የማያውቁት ሰውዬ። ሙሉነህ ፈቃድ እንደሌለው፣ ስሙ ከተነሳ እንደሚከሰስ ገብቷቸዋል። በሃይማኖት መጽሐፍ ላይ እጃቸውን ያስጭኗቸው አያስጭኗቸው አላውቅም፤ ቢያስጭኗቸውም ያንኑ ይሉ ነበር።

ሙሉነህ ይህን ሲሰማ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ አለቀሰ። ከዚያ ቀና ብሎ ትርፌን ጠየቃት።

«ፔዳሉ ጠንካራ ነበር አይደል?»

ያቺ ሁለተኛዋ ዕድል ነበረች። ትርፌ የእማዬን ካፖርት ጭኗ ላይ ይዛ ተቀምጣለች።

«ጠንካራ ነበር።»

«እንግዲያው ቡሎኗን አላጠበቅኳትም ማለት ነው» አለ። «እጄ ነው የገደላቸው።»

ይህን የምታነቡ ሰዎች ትርፌን ብትረግሟት አልፈርድባችሁም። እኔ ግን አልችልም፤ እኔም በሰው ፊት አፌ ተይዞ የዋልኩባቸው ቀኖች አሉኝ፤ ሰው አልሞተብኝም እንጂ።

ለቅሶው ላይ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ጋሽ በየነ ደረታቸው በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ክንዳቸው ታስሮ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። መንቀሳቀስ ተከልክለዋል። ትርፌ በሩ ላይ ስትደርስ አዩአት። ጎናቸውን ይዘው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ከወንበሩ ተነሱ። ሰው ሁሉ «ኧረ ይቀመጡ!» ብሎ ጮኸ።

«ሳልነሳላት ልተዋት? የያለምወርቅ ልጅ ናት እኮ» አሉ። «ኖሪ ልጄ።»

ትርፌ ያሰማችው ጩኸት እስከ ሊፍቱ ድረስ ተሰማ። ሰው እናቷን ያጣች ያህል ነው ብሎ አዘነላት። ውኃ ሰጧት፣ አራገቧት፣ «እንዴት ያለ ፍቅር ነው» ተባባሉ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት አለፈ። ሙሉነህ መፍቻዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተታቸውና መኪና መንካት ተወ። መጀመሪያ ሰሞን ሰዎች «አንዴ እያት፣ ትንሽ ድምፅ አላት» እያሉ ይመጡ ነበር። «እጄ ሰው ገድሏል፣ ሌላ ፈልጉ» ይላቸዋል። እንዲህ የሚል ሰው ቤት ማን ደግሞ ይመጣል? ቀሩ። ቀን ሙሉ ጋቢውን ለብሶ መስኮቱ ጋ ይቀመጣል። ቧንቧ ዘግቶ ይሄድና ተመልሶ ያጠብቃል፤ ደግሞ ይመለሳል። የስኳር ዕቃ ክዳን ሳይቀር ሦስት ጊዜ ያጠብቃል። ትርፌ ኩሽና ቆማ ሲመላለስ ታየዋለች። እያንዳንዷ ምልልስ የሷ ሥራ መሆኗን ታውቃለች። እነግረዋለሁ ትላለች፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ዓመት አፍነሽ የያዝሽውን አሁን ምን ብለሽ ትላለች፣ ከዚያ ሁለት ዓመት ይሆናል። አውቶቡስ ላይ ተቀምጣ ሾፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር ቀኝ እግሯ ወለሉን ይረግጣል። አጠገቧ የተቀመጡ ሰዎች አንዳንዴ ዞር ብለው ያዩዋታል።

ጋሽ በየነ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። ሙሉነህ ቂም ይዘውብኛል ብሎ እንዳያስብ ነው። ስለ ብሉር ጎዳና የሐበሻ ሱቆች፣ ስለ ኢትዮጵያ ዜና ያወሩለታል፤ ስለ መኪና አያወሩም።

በፈረንጆቹ ዘጠና ሰባት መስከረም ላይ ዳዊት ደወለ። ዳዊት የፈቃዱን ፈተና ያለፈ፣ ኢቶቢኮ የራሱን ጋራዥ የከፈተ ልጅ ነው። የሙሉነህን ስም ከድሮ የጦሩ ሰዎች ሰምቷል።

«ጋሽ ሙሉነህ፣ የፍሬን ሰው ነው ያጣሁት» አለው። «ላይሰንሱ የኔ ነው፣ በኔ ሥር ይሠራሉ፤ ሁሉ ነገር ሊጋል ነው። ሰኞ ጠዋት ኮል አደርግልዎታለሁ። ሌላ ሰው ኢንተርቪው አለብኝ፣ ግን እርስዎን ነው የምፈልገው።»

ሙሉነህ አመስግኖ ስልኩን ዘጋ። «ምን አልከው?» አለች ትርፌ። «ምን እለዋለሁ? ሰኞ ሲደውል አይሆንም እለዋለሁ» አላት።

ያን ጊዜ ትርፌ ቆረጠች። ይህ ሰው ይህን ሥራ ካልያዘ ከዚያ ወንበር ላይ እንደማይነሳ ገባት። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጋሽ በየነ ሳይመጡ፣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ሙሌ፣ ያን ቀን ፔዳሉ ጠንካራ አልነበረም።»

ፊቱን ከመስኮቱ መልሶ አያት።

«ጋሽ በየነ ሲመጡ ኖር ብዬ ተነሳሁ። አንተ ያዢ ብለኸኝ ነበር፣ ቡሎኗ ተፈትታ ነበር። ተመልሼ ስረግጥ ሰመጠ። ስትጠይቀኝ አፈርኩ። ጠንካራ ነው አልኩህ። እኔ ነኝ ሙሌ። እጅህ ምንም አላደረገም።»

ሙሉነህ ጋቢውን ትከሻው ላይ ሰበሰበ። ከዚያ ፈገግ አለ። ትርፌ ከዚያ ፈገግታ ስድብ በመረጠች።

«ጎበዝ» አላት ቀስ ብሎ። «ጥሩ አስበሽበታል። ለዳዊት እሺ እንድለው ነው አይደል?»

«እውነቴን ነው!»

«ትርፌ፣ አንቺ ለሰው ስትዪ እሳት ትገቢያለሽ፤ እኔ አላውቅሽም? አራት ዓመት ሙሉ ስትረግጪ እግርሽ አንድ ቀን ዋሽቶኛል?»

«ያን ቀን ዋሸ!»

«አልዋሸም። አሁን ለኔ ብለሽ የምትዋሺው አንቺ ነሽ። እግዜር ይስጥሽ፤ ግን ተዪው።»

ትርፌ ተንበረከከች። በእናቷ አጥንት ማለችለት፣ በእትዬ ያለምወርቅ ማለችለት። ራሱን ይነቀንቃል። በመጨረሻ «ጋሽ በየነ አይተዋል!» አለች። «ስነሳ ፊት ለፊቴ ነበሩ። በእግዜር፣ ተቀመጪ ብለውኛል። ጠይቃቸው!»

ይሄኔ ሙሉነህ ቀና አለ። ከሦስት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ላይ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ አየች።

«እጠይቃቸዋለሁ» አለ።

ጋሽ በየነ በሰዓታቸው መጡ። ሁለቱም ተነሱላቸው፤ «በእግዜር» ብለው ተቀመጡ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሰውነታቸው አልቆ ኮታቸው የሌላ ሰው መስሏል። ትርፌ ሻይ አቀረበችላቸው። ሙሉነህ አላስጠጣቸውም።

«ጋሽ በየነ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያን ቅዳሜ፣ ፓርኪንግ የመጡ ዕለት፣ ትርፌ መኪናው ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ሲመጡ ተነስታልዎት ነበር?»

«ለምን ትጠይቀኛለህ?»

«ፔዳሉን እንደያዘች ከተነሳች፣ አየሩ የገባው ያኔ ነው። እንግዲያው የኔ እጅ አይደለም ማለት ነው።»

ጋሽ በየነ ስኒውን አስቀመጡት። ሙሉነህ ያለውን በልባቸው መልሰው ሲያነቡት ትርፌ ፊታቸው ላይ አየችው፤ እንደ ተማሪ ወረቀት፣ ቃል በቃል።

«እኔ ስመጣ» አሉ።

«አዎ። እርስዎ ሲመጡ።»

«እኔ ስመጣ ለኔ ብላ ከተነሳች።»

«አዎ።»

ጋሽ በየነ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ከዚያ ወደ ትርፌ ዞሩ። እኚህ የሰው ሁሉ አስታራቂ፣ ማንንም ለምነው የማያውቁ ሰው፣ በዓይናቸው ይለምኗት ነበር። ያስታውሳሉ። ጎብጣ መቆሟን፣ ደስ እንዳላቸው፣ ተቀመጪ ልጄ እንዳሏት፣ ሁሉንም ያስታውሳሉ።

«አልተነሳችም» አሉ።

«ጋሼ—» አለች ትርፌ።

«አልተነሳችም። እንዲያውም ቅር ብሎኝ ነበር። ማታ ለያለምወርቅ ነግሬያታለሁ፣ ዛሬ ትርፌ ሳትነሳልኝ ቀረች ብዬ።» ድምፃቸው የያለምወርቅን ስም ሲጠራ ተሰበረ። «ሥራ ላይ ናት፣ ተዋት አለችኝ።»

ትርፌ ባሏን አየች። ከዚያ ሽማግሌውን አየች። ውሸትዎን ነው ማለት ትችላለች። ያን ጊዜ ሙሉነህ ይነሳል፣ ሰኞ ለዳዊት እሺ ይለዋል። እኚህ ሰው ግን ሚስቴን የገደላት የኔ መምጣት፣ የኔ ክብር ነው ብለው ወደዚያ ባዶ ቤታቸው ይመለሳሉ። አራት ወር ያስተኟት ሳሎን፣ ካፖርቱ የተሰቀለበት ሚስማር ትዝ አላት። እማዬን የገደልኩ አንሶኝ እሳቸውንም ልድገም? አለች በልቧ።

«ልክ ነዎት ጋሼ» አለች። «አልተነሳሁም። ለሙሌ ብዬ ነው የዋሸሁት።»

ጋሽ በየነ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አላልኩሽም?» አለ ሙሉነህ፤ በቁጣ አይደለም፤ አዝኖላት ነው። እጆቹን ገልበጥ አድርጎ አያቸውና ጋቢው ውስጥ መልሶ ከተታቸው። ጋሽ በየነ ሻያቸውን ሳይጠጡ ተነሱ፤ ትርፌ እስከ ሊፍቱ ሸኘቻቸው። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ጋሽ በየነ እነ ትርፌ ቤት መጥተው አያውቁም።

ሰኞ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ዳዊት እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ሙሉነህ እጆቹን ጋቢው ውስጥ እንደከተተ ከመስኮቱ ጋ አልተንቀሳቀሰም። ትርፌም ስልኩ እስኪያቆም ድረስ ቀኝ እግሯን ምንጣፉ ላይ ተጭና እንደረገጠች ቆየች።